ብስክሌት ጠጋኙ የፈረመው ወረቀት

ዋሽቶ ስም ያወጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ዝም ብሎ ስም ያወጣ ግን ከራሴ ሌላ አላውቅም። መልካም ስም አንዳንዴ ሰዎች ራሳቸው አምጥተው ትከሻችሁ ላይ የሚጥሉት ኮት ነው። አልለመናችሁም፣ አልለካችሁም፤ ግን ይሞቃል። ዙሪያችሁን ታያላችሁ፣ «የእኔ አይደለም» ልትሉ አፋችሁን ትከፍታላችሁ፣ ከዚያ ደግሞ የመቱ ዝናብ ይመጣል። በዝናብ ማን ኮት ያወልቃል? እናንተስ ብትሆኑ? እስቲ በማርያም፣ እውነቱን እንነጋገር።

ደምሴ እባላለሁ። መቱ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ዳር ብስክሌት እጠግናለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ከዳዊትና ከካቴና ነው የተማርኩት። ጠዋት ኪዳን ሳላደርስ ሱቄን አልከፍትም። ሃያ ዓመት ሙሉ የተበሳ ከመነዳሪ ለጥፌአለሁ፣ የላላ ፍሬን አጥብቄአለሁ፣ የተጣመመ ቸርኬ አቅንቼአለሁ፤ ከዚሁ ከአጠገባችን ከቡሬም ከያዮም በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ብስክሌት ጭነው የሚመጡልኝ አሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ያላደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። አልችልም።

«ታዲያ እንዴት ትሞክረዋለህ?» ትሉ ይሆናል። ጠግኜ ስጨርስ ገልብጬ ፔዳሉን በእጄ አሽከረክራለሁ። ከዚያ አቁሜ፣ መሪውን ይዤ፣ እስከ መብራት ምሰሶው ድረስ እየገፋሁ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ፣ ጆሮዬን ወደ ካቴናው ዘንበል። ደንበኛ ቆሞ ያየኛል። አንድ ቀን አንዱ ለጓደኛው፣ «ሌሎቹ ጠጋኞች በሰው ብስክሌት ገበያ ደርሰው ይመጣሉ፤ ደምሴ ግን በሰው ንብረት ላይ እግሩን አያነሳም፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነው» ሲለው ሰማሁ። ምን ልበል? እግዚአብሔርን መፍራቴ እውነት ነው። ብስክሌትም እፈራለሁ። ሰውየው አንዱን ፍርሃቴን ብቻ ነው ያወቀው። ችለህ ታውቃለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልዋሸሁም።

ምስጢሩን የምታውቀው ባለቤቴ የሺ ብቻ ነበረች። የሺ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የምትሠራበት ቀበሌ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ የቡና ጫካ ለጫካ የሚኬድ፣ መኪና የማይደፍረው አገር ነው። የክትባቱን ሳጥን በትከሻዋ አንግታ ሁለት ሰዓት ትሄዳለች፣ ሁለት ሰዓት ትመለሳለች። ያ ቀይ ጭቃ ደግሞ እግር ይዞ አይለቅም። ጉልበቷ ማበጥ ጀመረ። አንድ ሐሙስ ዕለት ጭቃው አዘግይቷት ስትደርስ የሳጥኑ በረዶ ቀልጦ ክትባቱ ተበላሸ። ዐሥራ ምናምን እናቶች ሕፃኖቻቸውን ታቅፈው ሲጠብቋት ውለው በባዶ ተመለሱ። ያን ዕለት እራት አልበላችም። እኔም አጽናናታለሁ ብዬ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። «እሱማ ያውቃል፤ የማያውቁት እናቶቹ ናቸው» አለችኝ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለገጠር ጤና ባለሙያ ሴቶች ዐሥራ አራት የተራራ ብስክሌት ይዞ መጣ። ጎማቸው እንደ በሬ ሰኮና የወፈረ፣ ከፊት ድንጋይ ሲያገኙ ወገባቸውን እጥፍ የሚያደርጉ ብስክሌቶች ናቸው። ብስክሌቱ ግን ዝም ብሎ አይሰጥም። ለአምስት ቀን የሴቶች ካምፕ ተብሎ፣ ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሎ ሥልጠና አለ። በአምስተኛው ቀን ወደ ሶር ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት ነድታ የወረደች ብስክሌቷን ይዛ ወደ ቤቷ፤ ያልወረደች ደግሞ ብስክሌቷ በመጣበት መኪና ይመለሳል። ብስክሌቶቹን እየተከታተልኩ እንድጠግን የተጠራሁት እኔ ነኝ። ቡሬ ላለችው እናቴ ደውዬ የሺ ካምፕ ልትገባ ነው ስላት ደነገጠች። እኛ ከወሎ በሰፈራ የመጣን ነን፤ እናቴ ካምፕ ሲባል የምታውቀው ስንመጣ ያረፍንበትን ድንኳን ነው። «ደግሞ ወዴት ሊወስዷት ነው?» አለች። «ቁልቁል» አልኳት።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁሉም ሴቶች የሺን ከበቧት። ሐሊማ የምትባል የያዮ ልጅ፣ ደልደል ያለች፣ ጨዋታ የማያልቅባት፣ የወንድሟን ብስክሌት ዘወትር እኔ ጋ የምታሠራ፣ «እትዬ የሺማ ምን ካምፕ ያስፈልጋታል፣ የጠጋኝ ሚስት አይደለች? ብስክሌት ላይ ነው የተዳረችው» አለች። ሁሉም ሳቁ። የሺም ፈገግ አለች። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ወጣች፤ ብስክሌቱ ገና ሳይንቀሳቀስ ወደቀች። ሐሊማ እኔን አየች፣ የሺን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። «ጋሼ ደምሴ፣ ሙያዎን ከሚስትዎ ቆጥበዋል» አለችኝ።

አሠልጣኟ ሲፈን ትባላለች፤ የጅማ ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ቢሆን ነው። ድምፅዋ ግን የሦስት ዲያቆን ነው። ትምህርቷን አዳመጥኩት፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንዳንዱ ስብከት ይመስላል። በቁልቁለት ላይ መቀመጫው ላይ አትቀመጡ፤ በፔዳሉ ቁሙ፣ ወገባችሁን ወደ ኋላ። ፍሬኑን በድንጋጤ አትጨምቁት፣ በአንድ ጣት እያባበላችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን። «ብስክሌት የሚሄደው ዓይናችሁ ወዳየበት ነው» ትላለች። «ድንጋዩን ካያችሁ ድንጋዩን ትመታላችሁ። መንገዱን ካያችሁ መንገዱን ትሄዳላችሁ።» አንዷ ስትንገዳገድ ከወዲያ ማዶ፣ «ፉልዱረቲ ኢላሊ፣ ወደፊት እዪ» ብላ ትጮኻለች። እኔ ከጥላው ሥር ካቴና እየቀባሁ፣ ይህቺ ልጅ ብትመነኩስ ስንቱን ትመልስ ነበር እላለሁ።

የሺ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ሜዳው ላይ መንዳት ቻለች። ለጥ ባለው ላይ እንደ ሰው ትሄዳለች፤ ቁልቁለት ስታይ ግን ሰውነቷ እንጨት ይሆናል። ሲፈን መሀል መንገድ ላይ አንዲት ጭንቅላት የምታህል ድንጋይ አስቀመጠች። ግራው ሰፊ፣ ቀኙ ሰፊ። የሺ ያንን ሁሉ ሜዳ ትታ ድንጋዩን መታችው። ደግማ መታችው። በአራተኛው ቀን ስድስት ጊዜ ሞክራ ስድስቱንም መታች፤ ፊተኛው ጎማ ሁለቴ ተበስቶ ሁለቴ ለጠፍኩት። ሲፈን በመጨረሻ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ፣ «እትዬ የሺ፣ ምን ሆነው ነው ዓይንዎ ከድንጋዩ የማይነሳው? ማነው ድንጋይ ድንጋዩን እንዲያዩ ያስተማረዎት?» አለቻት። የሺ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ ልናገረዋ። በዐሥራ አንድ ዓመቴ ቡሬ ላይ፣ በተዋስኩት ብስክሌት ወደ ምንጩ የሚወርደውን መንገድ ስወርድ ፍሬን ያዝኩ ብዬ አየር ይዤ፣ ድንጋይ መትቼ እሾህ አጥር ውስጥ ገብቼ ግራ እጄ ተሰበረ። ይህንን ታሪክ ከተጋባን ጊዜ ጀምሮ ለየሺ ነግሬአታለሁ። አንዴ ቢሆን ምናለበት፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር እጄን ይቆረጥመኛል፣ መቱ ደግሞ ዝናብ መቼ ያባራል? በተቆረጠመኝ ቁጥር እተርካለሁ። መጀመሪያ ላይ ቁልቁለቷ ትንሽ ነበረች። እየተረኩ ስሄድ ገደል ሆነች። ድንጋዩም አደገ። የታሪኩ መደምደሚያ ሁሌም አንድ ነው፦ እናቴ ለማርያም፣ «ልጄን አድኚልኝ እንጂ ሁለተኛ ብስክሌት ላይ አይወጣም» ብላ ተሳለች፣ እጄም ዳነ። ስለት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ አልነዳሁም። ይኸው ነው።

በአራተኛው ቀን ማታ ሥልጠናው አብቅቶ ቤት ስንገባ የሺ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ «መኪናው ነገ ብስክሌቴን ጭኖ ይሄዳል» አለች።

«እጸልይልሻለሁ» አልኳት።

«ጸልይልኝ። ግን በጸሎትህ ውስጥ ድንጋዩን አትጥራው።»

በአምስተኛው ቀን ባሎች ተጠሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ለሴቶች የተሰጠ ብስክሌት በሳምንቱ ባሎች ሲነዱት ተገኝቷል፤ ሴቶቹ እንደ ድሮው በእግራቸው፣ ባሎቹ በብስክሌት ጠላ ቤት። ስለዚህ ሲፈን ወረቀት አዘጋጅታለች። «በባለቤቴ ብስክሌት ላይ አልወጣም፣ ለሌላም ሰው አላውስም» ይላል፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። ባል ሳይፈርም ሚስት አትወስድም። ዐሥራ አራት ባል አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሞ አንገቱን ሲያክ ብታዩት። አንዱ፣ «ለቤተ ክርስቲያን ብቻስ?» አለ። ሌላው፣ «ለመስጊድስ?» አለ። ሦስተኛው ከዳሪሙ የመጣ ነው፣ «እኔ እንኳ ለራሴ አይደለም፣ ብስክሌቱ እንዳይዝግ ብዬ ነው» አለ።

እኔ ብድግ ብዬ ፈረምኩ። እንዲያ ልቤ ረግቶ የፈረምኩበት ሌላ ወረቀት ትዝ አይለኝም፤ የጋብቻችንንም ጨምሮ። ሜዳው በጭብጨባ ተሞላ። ከወረዳ የመጣው ኃላፊ እጄን ጨብጦ፣ «እኚህ ሰው ሙያቸው ብስክሌት ነው፤ ብስክሌት ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ግን ለባለቤታቸው ሲሉ ተዉት። ምሳሌ የሚሆን ባል ማለት ይህ ነው» አለ። ፎቶ አነሱኝ። ባሎቹ በእኔ አፍረው እየተንጠባጠቡ ፈረሙ። የሺን በዓይኔ ፈለግኳት። የራስ ቁሯን እያሰረች መሬት መሬት ታያለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከሳቅ ይሁን ከፍርሃት አልለየሁም።

ከዚያ ቁልቁለቱ። ሲፈን ከታች፣ ወንዙ ሳይደርስ ለጥ ያለው ላይ፣ በኖራ ነጭ መስመር አሰመረች፤ መስመሩን ያለፈች አለፈች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሐሊማ ሻሿን ከራስ ቁሩ ሥር አጥብቃ፣ «ቢስሚላህ» ብላ ስትለቀው ዛፉ ላይ ያለ ጉሬዛ ሁሉ ተንጫጫ። ዐሥራ ሦስቱ ወርደው አሻቅበው መጡ። የሺ ቀረች።

የሺ ብስክሌቷ ላይ ወጣች፤ ወረደች። እንደገና ወጣች፤ ወረደች። ከታች መሀል መንገዱ ላይ አንድ ድንጋይ ጉች ብሏል፣ ዓይኗ እዚያ ነው። ሲፈን፣ «ሂን ሶዳቲን፣ አይፍሩ እትዬ» አለቻት። መኪናው የኋላ መዝጊያውን ከፍቶ ቆሟል። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ። ያኔ የሺ ዞር ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «እሱ ይውረድና ልየው» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ፈርሜአለሁ እኮ» አልኩ። የገዛ ወረቀቴ እንዲህ ቶሎ ይጠቅመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«የፈረሙት የእሳቸው ላይ እንዳይወጡ ነው፤ ይኸው የእኔ» አለችና ሲፈን የራሷን ብስክሌት አቀረበችልኝ።

መሪውን ያዝኩ። መያዝ እችላለሁ። ከዚያ ግን የመጨረሻዋን መሸሸጊያዬን አወጣኋት። «እናቴ በልጅነቴ ለማርያም ተስላብኛለች። ብስክሌት ላይ አልወጣም።» የሰው ፊት ወዲያው ተለወጠ። በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም ስለት ያከብራል። የዳሪሙው ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ። ሐሊማ እንኳ፣ «ስለት ከሆነማ ይቅር» አለች። ሲፈን ብስክሌቷን መልሳ ተቀበለችኝ። ተረፍኩ አልኩ። የሺ ግን ስልኳን ከኪሷ አወጣችና ቡሬ ደወለች፤ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው።

እናቴ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። ከጠዋት ጀምሮ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። «የሺዬ፣ ወረድሽ?»

«ገና ነኝ እማዬ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደምሴ ብስክሌት ላይ እንዳይወጣ ተስለው ነበር?»

«እኔ?»

«እጁ የተሰበረ ጊዜ።»

«እኔ ለማርያም የተሳልኩት ዣንጥላ ነው። በዓመቱ አስገባሁ። ተሸክሞ የሄደውም እሱ ራሱ ነው፣ በዳነው እጁ።»

«ታዲያ ሁለተኛ አይወጣም የሚለውስ?»

«እሱንማ ያለው ራሱ ነው። ወጌሻው እጁን ሲያሽለት፣ ‹ልቀቀኝ እንጂ ሁለተኛ አልወጣም› እያለ ሲምል ሰፈሩ ሰምቶታል። ለወጌሻው ነው የማለው። እኔማ ሲድን ይረሳዋል ብዬ ተውኩት። እስካሁን አልረሳውም እንዴ?»

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። የመኪናው ሾፌር መሪው ላይ ተደፋ። የወረዳው ኃላፊ ሳል ያዘኝ ብሎ ፊቱን አዞረ። እኔ እዚያው ቆሜ፣ ልጅ ሆኜ ያቺን ዣንጥላ ተሸክሜ ስሄድ ትዝ አለኝ፤ ቀይ ነበረች፣ ዘርፏ አንገቴን ሲኮረኩረኝ። እንዴት ረሳሁት? ሰው የሚፈልገውን ስለት ለማስታወስ የከፈለውን ስለት ይረሳል ማለት ነው? የማርያምን ስም ሠላሳ ምናምን ዓመት ፍርሃቴ ላይ ደርቤ ስዞር ነበር። ጉልበቴን አሞኛል ማለት እችል ነበር አሁንም። ግን መኪናውን አየሁ፣ ክፍት ነው። ያቺን ሐሙስ አሰብኩ፣ ሕፃን ታቅፈው የተመለሱትን። ኮቱን አወለቅኩት።

«ብስክሌት መንዳት አልችልም» አልኩ። «ነድቼ አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ የምገፋው ስለማልችል ነው።»

መጀመሪያ የተናገረችው ሐሊማ ናት። «ታዲያ የወንድሜን ፍሬን ማነው የሞከረው?»

«እጄ» አልኳት።

«ወንድሜ በእሱ ፍሬን ነው እኮ ከያዮ ገደል ለገደል የሚወርደው።»

«ይዞ ያውቃል ወይስ ለቆበት ያውቃል?»

አሰበች። «ይዟል» አለች። «ግን አሁን ስነግረው ይለቀዋል።»

ያኔ የሺ መሳቅ ጀመረች። ሌላው ሁሉ ስቆ ሲጨርስ ነው እሷ የጀመረችው፤ አምስት ቀን የያዘችው ሳቅ ነው፣ ምናልባትም ዐሥራ ስምንት ዓመት። እያለቀሰች ሳቀች። እንጨት የነበረው ትከሻዋ ሲላላ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ብስክሌቷ ላይ ወጥታ፣ አንድ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ፣ «ደምሴ፣ ታች ውረድና ቁም» አለችኝ። «ድንጋዩን እንዳላይ አንተን ልይህ።»

ወረድኩ። በእግሬ። ከኖራው መስመር ወዲያ፣ ጭቃው ላይ ቆምኩና በልቤ «አባታችን ሆይ» ጀመርኩ። ከላይ ስትለቀው ሰማሁት እንጂ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ በፔዳሉ ቆማለች፣ ወገቧ ወደ ኋላ፣ ፍሬኑን በአንድ ጣት እያባበለች፣ ዓይኗ እኔ ላይ ተተክሏል። ድንጋዩን አለፈችው። እንደሌለ አለፈችው። ከላይ እልልታ ቀለጠ። እኔም እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ፣ እንባዬ መጣ፣ መስመሩንም አለፈች።

የሲፈን ትምህርት ትዝ ያለኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ብስክሌት የሚሄደው ዓይን ወዳየበት ነው። የሺ የምታየው ደግሞ እኔን ነው።

ግራው ሰፊ ነበር፤ ቀኙም ሰፊ ነበር። እንደ ድንጋዩ ጉች ብዬ ጠበቅኳት። ሁለታችንም ብስክሌቱም ጭቃ ውስጥ አብረን ገባን። ስነቃ፣ ማለቴ ቀና ስል፣ ሲፈን ከላይ እየሮጠች፣ «መስመሩን አልፈዋል፤ አልፈዋል፤ ጋሼ ደምሴ ከመስመሩ ውጭ ናቸው» እያለች ለሾፌሩ በእጇ ትጠቁማለች፤ መኪናው መዝጊያውን ዘጋ። የሺ ጭቃውን ከአፏ ጠርጋ፣ «ፍሬኑ ጥሩ ይሠራል፤ የረሳሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። ግራ እጄ ወለም ብሎት ነበር። ያሰረችልኝ እሷው ናት። በብስክሌት ደርሳ ያከመችው የመጀመሪያ በሽተኛ እኔ ነኝ።

አሁን የሺ ቀበሌዋ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅባትም። በረዶው ሳይቀልጥ ትደርሳለች። ከብስክሌቷ ኋላ ለክትባቱ ሳጥን ማሰሪያ ሠርቼላታለሁ። ዳገቱ ላይ ጠዋት ጠዋት እየገፋሁ አብሬ እወጣለሁ፤ መግፋት ሙያዬ ነው። ቁልቁለቱን እሷ ትወርዳለች፣ እኔ እዚያው ቆሜ እስክትታጠፍ በመስቀል ምልክት እሸኛታለሁ። ወደፊት እንድታይ ሆን ብዬ ከኋላዋ ነው የምቆመው።

መቱ ሁሉ ምስጢሬን አወቀ። ደንበኛ ይሸሸኛል ብዬ ነበር፤ አልሸሸኝም። አሁን ግን ብስክሌት የሚያሠራ ሁሉ ሲረከበኝ፣ «ሞክረውልኛል ጋሼ?» ብሎ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ከጓደኛው ጋር ይጠቃቀሳል። መማርም ጀምሬአለሁ፤ ሲፈን ትታልኝ በሄደችው አሮጌ ብስክሌት፣ በማለዳ፣ ሰው ሳይወጣ። የሺ የራሷን አታስነካኝም። «ፈርመሃል» ትላለች። እስካሁን አንድ እግሬን ከመሬት አንስቻለሁ። እናቴ ይህንን ሰምታ ለማርያም ሌላ ዣንጥላ ተስላለች፤ የዚህኛውን ቀለም እኔ እንድመርጥ ፈቅዳልኛለች።

ወረቀቱ ግን አለ። ኃላፊው በመስተዋት አስገጥሞ ከፎቶዬ ጋር ላከልኝና ሱቄ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አልፎ አልፎ ከሌላ ወረዳ እንግዶች፣ ወሬው ያልደረሳቸው፣ ሊያዩት ይመጣሉ። ባለፈው ሰሞን የመጡት አንድ ሽማግሌ ጽሑፉን ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡት፣ እኔን አዩኝ፣ የተሰቀሉትን ብስክሌቶች አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን ሁሉ ብስክሌት ይዞ፣ ለሚስቱ ሲል አልወጣም ያለ ወንድ» አሉ። «እንዴት ቻልከው ልጄ?»

«በእግዚአብሔር ኃይል ነው አባቴ» አልኳቸው።

ከጓሮ የሺን ሳል ያዛት። ሽማግሌው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።